መንታው ባሕር ዛፍ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሰኞ ሰኔ 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

እትዬ ሣራ፣ ይሄን ጊዜስ እመኚኝ። በኪዳነ ምሕረት ይዤሻለሁ እመኚኝ፣ እናንተ ቤት በኪዳነ ምሕረት እንደማይማል አውቃለሁ ግን እኔ ሌላ የምምልበት የለኝም። ያን ቆርቆሮ ከነፊልሙ አቃጥይው።

ሰላምታ ሳላስቀድም ስለጀመርኩ አትቀየሚኝ። እንዴት ሰነበትሽ፣ ለሥራ የሄድሽበት የናዝሬት ሙቀት እንዴት እያረገሽ ነው፣ እኛ ደህና ነን፣ እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። በቃ ሰላምታው ይሄ ነው፣ እየቸኮልኩ ስለምጽፍ ጽሑፌን ማንበብ ካቃተሽ ሾፌሩ ኢታና ያንብብልሽ እንዳልል እሱም ባያየው ይሻላል።

ባለፈው ወር በከንቱ እንዳስደነገጥኩሽ አልረሳሁም። ቤታችንን ሊፈትሹ መጡ፣ ወረቀት ይዘዋል፣ ስም ይጽፋሉ ብዬ ከሲግናል ድረስ በሩጫ አመጣሁሽና ስትደርሺ የሕዝብ ቆጠራ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ሳቅሽብኝ። አንቺ ብቻ መች ሆነሽ፣ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ከሱቋ በር ላይ ቆማ «ዘርትሁን ተቆጥራ ልትሞት ነበር» ብላ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀችብኝ። ግን ያን ቀን አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ቆጣሪው እማዬን «ስንት ናችሁ እማማ» ሲላት «ሦስት» አለችው። እኔና እሷ ሁለት ነን እኮ። «ሦስተኛው የታለ» ሲላት «ወጣ ብሏል፣ ይመጣል» አለችው። ሰውየውም ጻፈው። ወንድሜ አካሉ ከወጣ ስድስት ዓመት አለፈው።

አሁን ግን ቆጣሪ አይደለም የመጣው። ትናንት የቀበሌያችን ኪነት ልምምድ ላይ ሆነን ጓድ ለይኩን ገባ። ለይኩን ማለት ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የሚቀርበውን ዘፈንና ፊልም ከሚመርጡት አንዱ ነው አሁን፣ ያኔ በሰባ ግን የሰፈራችን አብዮት ጥበቃ አለቃ ነበር፣ አካሉን ከቤት ይዞት የወጣው እሱ ነው፣ በራሱ እጅ፣ ክንዱን ይዞ። ከበሮው ቆመ። እኔን ለይቶ አየኝና «ተዋናይቷ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለኝ። ልጆቹ ደግሞ አፋቸው አያርፍ፣ «ኧረ ጓድ፣ እሷ ስትጨፍር አይደለም፣ ያለ እንጨት ስትጎብጥ ነው የተቀረጸችው!» አሉት፣ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ «ሐሙስ ሰኔ ሃያ አንድ ጓዲት ሣራ ፊልሟን ታሳየናለች። እንጦጦ ላይ ነው አሉ። እንጦጦን እኔም አውቀዋለሁ፣ እሥሩ ነው የተወለድኩት» አለኝ። ይሄን ሲል አልሳቀም።

እሱ ያን ፊልም ማየት የለበትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ብቻ አቃጥይው። ድካምሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከየሥራው የተረፈውን ፊልም እየለቃቀምሽ እንደሠራሽው ነግረሽኛል፣ ይቅርታ አርጊልኝ። በፖስታ እንዳትጽፊ፣ በኢታና ብቻ፣ መኪናው እዚህ ሲደርስ እኔው ራሴ እወርዳለሁ።

ታናሽሽ ዘርትሁን

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሐሙስ ሰኔ 7 ቀን 1976

እትዬ ሣራ እንዴት ነሽ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፣ ኢታና ሞጆ ላይ ጎማው ፈንድቶበት አመሸ እንጂ ደህና ገብቷል።

አይ፣ አላረገዝኩም። ምን ብለሽ ነው እንደሱ የጠየቅሽኝ፣ ሳነበው እማዬ አጠገቤ ጥጥ ትፈትል ነበር፣ ላብ አጠመቀኝ። ማንም አልተጣላኝም፣ ኪነት ውስጥም የሚቀናብኝ የለም፣ ኧረ ማን በእኔ ይቀናል። «ምክንያቱን ካልነገርሽኝ አላቃጥልም» ስላልሽ ልነግርሽ ነው፣ አንብበሽ ግን ይሄንንም ወረቀት ቅደጂው።

በሚያዝያ የቀረጽሽኝን ሦስቱን ቀን አስታውሺ። መጀመሪያ ቀን «ኪነት የተማርሽውን ርሺው፣ ሰውነትሽ ተራራውን እንዴት እንደሚያስታውሰው ብቻ አሳዪኝ» አልሽኝ። እኔም ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ እንጨት ተሸክሜ የወረድኩበትን መንገድ ባዶ ጀርባዬን ጎብጬ ወረድኩልሽ፣ የማርፍበት ድንጋይ ጋ አረፍኩ፣ የሚያንሸራትተው ጋ በእግር ጣቴ መሬቱን ቆነጠጥኩ። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሲያልፉ «አንቺ ሴት፣ እንጨቱ የት ወደቀብሽ?» ሲሉኝ አንቺ በሳቅ ካሜራው ተንቀጠቀጠብሽ። በሁለተኛው ቀን ያለ ከበሮ እስክስታ አስመታሽኝ፣ «ከበሮው ዛፉ ነው፣ ነፋሱን ስሚ» ብለሽ። ሦስተኛው ቀን «ወደፈለግሽበት ሂጂና እዚያ ቁሚ» አልሽኝ። አንቺ ነሽ የፈለግሽበት ያልሽው። እግሬ ወሰደኝ።

መንታው ባሕር ዛፍ ጋ ስደርስ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁት፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አዞርኩት። አንቺ «ቆንጆ፣ እንደሱ ይሁን» አልሽ። ከዚያ ግራ ቀኝ እየረገጥኩ ደረቴን መታሁ፣ አንቺ ከካሜራው ኋላ «ቀስ፣ ቀስ በይ» ትያለሽ። እትዬ ሣራ ያ ጭፈራ አይደለም እኮ። ረገዳ ነው። ለቅሶ ነው። የለቅሶ ቤት ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ድምጽ ባይኖረውም ያውቀዋል።

ለአካሉ ነው ያለቀስኩት። እዚያ ነው ያለው። በሰባ ጥር ላይ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የደን ዘበኛው ሳይደርስብኝ ቅጠል ልጥረግ ብዬ በማለዳ ወጥቼ ዛፉ ሥር ጉድጓድ ሲያስገቡት አይቻለሁ። ከሱ ጋር ሌሎች ሁለት አሉ፣ እነሱን አላውቃቸውም። ቅጠሉ ውስጥ ተኛሁ፣ መኪናው እስኪሄድ ተኛሁ፣ ከዚያ ኬሻዬን ሞልቼ ወረድኩ፣ ባዶ ኬሻ ይዤ ብወርድ እማዬ ትጠይቀኛለቻ።

ያኔ ማልቀስ ክልክል ነበር። እነ እከሌ ቤት ልቅሶ ተሰማ ተብሎ ስንቱ ተያዘ። አንቺ ካሜራውን ይዘሽ ስትመጪ ግን፣ አባባ ገብረማርያም ዘበኛው «እዚህ ምን ታደርጋላችሁ» ሲሉን አንቺ «ፊልም ነው አባባ፣ ለበዓሉ» አልሻቸውና ሄዱ፣ ትዝ ይልሻል? በጠራራ ፀሐይ ደረቴን መትቼ ሰው «ምን ሆንሽ» ሳይለኝ የወረድኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አታለልኩሽ። ይቅር በይኝ።

ለይኩን ደግሞ የዚያው ተራራ ልጅ ነው። ለቅሶውንም ያውቀዋል፣ ዛፉንም ያውቀዋል። ሁለቱን ባንድ ላይ ሲያይ እኔ ማየቴን ያውቃል።

ዘርትሁን

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሰኞ ሰኔ 11 ቀን 1976

እትዬ ሣራ፣ ይቅርታ አትበይኝ፣ አንቺ ይቅርታ ስትዪ ጭራሽ ነው ሆዴ የሚባባው።

አዎ እርግጠኛ ነኝ። ፊቱን አላየሁም፣ ሹራቡን ነው ያየሁት። እማዬ ስትሠራው ሰማያዊው ክር ቀኝ እጅጌው ላይ አለቀባት፣ በቡኒ ጨረሰችው። አካሉ «ግማሽ ሰው አደረግሽኝ» እያለ ይስቅባት ነበር ግን አያወልቀውም። እንደዚያ ያለ ሹራብ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት የለም።

እማዬ አታውቅም። እንዴት አስቻለሽ ብለሻል፣ አላስቻለኝም እኮ፣ ብቻ አፌ አልከፈት አለ። መጀመሪያ ልጅ ነበርኩ፣ ፈራሁ። ከዚያ ለይኩን ራሱ መጥቶ «እማማ ወለተማርያም አይዞዎት፣ ልጅዎ አምልጦ ሱዳን ገብቷል» አላት። እሷም አመነች። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ጉልበቱን ልትስም ነበር። ካመነች በኋላ እኔ ምን ብዬ ልንገራት? በየዓመቱ ባሰብኩ ቁጥር የባሰ ሆነ።

ቆርጬ ላውጣውና ሌላውን ላሳይ ላልሽው፣ የተቆረጠውስ የት ይገባል? ቢሮ ብታስቀምጪው ያገኙታል፣ ሲግናል እናትሽ ቤት ብታስቀምጪው እነሱን ታስፈጂያለሽ፣ የእናንተ ጸሎት ቤት ተዘግቶ በየሳሎኑ ተደብቃችሁ ነው የምትዘምሩት፣ በየጊዜው ይፈተሻል። የለም፣ ሁሉንም አቃጥይው። ሙቀት አበላሸው በያቸው፣ ናዝሬት ሙቀት ነው ያምኑሻል።

አሁን ደግሞ የትናንቱን ስሚ። ከቅዳሴ ስመለስ ለይኩን ቤታችን ቁጭ ብሏል። እማዬ ውሃ ሰጥታዋለች፣ ብርጭቆውን ይዟል። «እማማ፣ ከሱዳን ጽፎልዎት ያውቃል?» ይላታል። እሷ «ፖስታው ይጠፋ ይሆናል ልጄ» ትለዋለች። ልጄ አለችው፣ ትሰሚኛለሽ? እኔን ሲያይ ተነሳ። በሩ ጋ ደርሶ ቀስ ብሎ «ሐሙስ ሃያ አንድ አንቺም ትመጫለሽ። ፊልሙ ሲያልቅ እዚያው ፊታችን አስነስቼ አስጨፍርሻለሁ፣ አንድ መሆኑን እናያለን» አለኝ። የሚያውቀው ነገር አለ ወይስ እንዲሁ ለማፌዝ ነው? ሌሊቱን ሙሉ ይሄንኑ ሳገላብጥ ነጋ። እንጨት ተሸካሚዎቹ ነግረውት ይሆን? አባባ ገብረማርያም ይሆኑ?

እማዬ እሱ ከወጣ በኋላ ብርጭቆውን አጠበችና «ይሄ ልጅ ደግ ነው፣ ዛሬም አልረሳንም» አለች።

አቃጥይው እትዬ ሣራ። ቀኑን ቁርጥ አርገሽ ጻፊልኝ።

ዘርትሁን

*

ናዝሬት፣ ዓርብ ሰኔ 15 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ ዘርትሁን፣

እሺ። ቁርጡን ልንገርሽ፤ እሑድ ሰኔ 17 አመሻሽ ላይ አቃጥለዋለሁ። ያረፍኩበት ሆቴል ዘበኛ የሳምንቱን ቆሻሻ በጓሮ የሚያቃጥለው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት እሳት ባነድ ሰው ይጠይቀኛል። ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ለኮሚቴው ሙቀት አበላሸው እላለሁ። ምናልባት ከሥራ ያግዱኝ ይሆናል፤ እሱን ለእኔ ተይው።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ አንድ ነገር እያሳፈረኝ ነው። እኛ ቤት ሰው ሲሞት ይዘመራል እንጂ ደረት አይመታም። አባቴ ሲቀበር አንዲት ሴት እንኳ ነጠላ አላዘቀዘቀችም። ከዚያ ደግሞ አራት ዓመት ባሕር ማዶ ፊልም ተምሬ መጣሁ፤ ያልገባኝን ሁሉ «ጥበብ ነው» ማለትን ለመድኩ። ያን ቀን ከካሜራው ኋላ ቆሜ «ይህች ልጅ አዲስ እንቅስቃሴ ፈጠረች» ብዬ እየተደሰትኩ ነበር። አገሬው ሁሉ በሚያውቀው ለቅሶ ፊት ቆሜ «ቀስ በይ» አልኩሽ።

ትናንት በመስኮቱ ፀሐይ ላይ ይዤ ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ብርሃን ላይ ከያዝሽው እያንዳንዷ ሥዕል እንደ ፖስታ ቴምብር ጥርት ብላ ትታያለች። አንቺ መሐል ላይ ነሽ። መንታው ዛፍ ከኋላሽ እንደ በር መቃን ቆሟል፤ በሁለቱ ግንድ መሐል፣ ራቅ ብሎ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት አለ። በግራ በኩል ደግሞ አንድ ትልቅ ነጭ ድንጋይ አለ። ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነበር። ይሁን።

እናትሽን ሳሚልኝ።

ሣራ

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እሑድ ሰኔ 17 ቀን 1976፣ ገና ሳይነጋጋ

እትዬ ሣራ እንዳታቃጥይው! እንዳታቃጥይው፣ እግርሽ ሥር ወድቄያለሁ እንዳታቃጥይው፣ አቃጥይ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ፣ አብዳለች በይኝ ግን መጀመሪያ እሳቱን ተይው ከዚያ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ትናንት ቅዳሜ ወርኃዊ ኪዳነ ምሕረት ነበረች። እማዬ ስለት አለባት፣ አካሉ ከመጣ ጃንጥላ አገባለሁ ብላ ተስላለች፣ ለይኩን ቤታችን ከመጣ ወዲህ ደግሞ ደብዳቤው ደርሷል ማለት ነው፣ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው የጠየቀኝ እያለች ጃንጥላውን አስቀድሜ ላግባ አለች። በዚያ ጉልበቷ፣ በዚያ ጭቃ፣ እንጦጦን ተያያዝነው። ጃንጥላውን በፌስታል ጠቅልላ አቅፋዋለች። ግማሽ መንገድ ላይ የማርፍበት ድንጋይ ጋ ስንደርስ ቁጭ አለችና «ሲመጣ የሚለብሰው ሹራብ ልጀምርለት ይሆን? አሁን ክሩ አያልቅብኝም» አለች።

እዚያ ላይ አልቻልኩም። ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ቅጠሉን፣ ሹራቡን፣ ኬሻውን። ትጮሃለች ብዬ አፏን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። አልጮኸችም። እጄን ያዘችውና አየችው፣ አየችው፣ «በዚህ እጅሽ ነው ቅጠሉን የጠረግሽው» አለች። ከዚያ «ተነሺ አሳዪኝ» አለችኝ።

ወጣን። እትዬ ሣራ ዛፉ የለም። ያ ጎን እንዳለ ተመንጥሯል፣ ለበዓሉ ቅስትና መድረክ አጠና ይፈለጋል ተብሎ ነው ይላሉ አባባ ገብረማርያም፣ ግንዱ ከመንገዱ ዳር ተከምሯል፣ ጉቶውን እንኳ ነቅለው እርከን ሠርተውበታል። ከአንድ ነጭ ድንጋይ በቀር ምድሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀይ አፈር ነው። ዓይኔን ጨፍኜ በእግሬ ልሄድ ሞከርኩ፣ አንቺ እንዳልሽኝ ሰውነቴ ያስታውሳል ብዬ፣ እግሬ እርከኑ ላይ ወጥቶ ወረደ እንጂ አላወቀውም። እማዬ ቆማ ትጠብቀኛለች። «እዚህ ነው» አልኳት። ተንበረከከች። ወዲያው ደግሞ አይደለም መሰለኝ፣ «አይ እማዬ፣ እዚያ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና

«ልጄን ሁለት ቦታ አትቅበሪው» አለችኝ።

ጃንጥላውን ሳናገባ ወረድን። አሁን ጥግ ላይ ከነፌስታሉ ቆሟል።

ቤት ስንደርስ ኢታና ደብዳቤሽን ይዞ ቆሞ ነበር። ጉልላቱ በመንታው መሐል ይታያል፣ ድንጋዩ በግራ ነው ያልሽውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እማዬ አስደገመችኝ። ከዚያ «ድንጋዩ አለ፣ ጉልላቱም አለ። ያን ፀሐይ ላይ ይዘን ብንቆም፣ ጉልላቱ እቦታው እስኪገባ ወደ ኋላ ወደ ፊት ብንሄድ እናገኘው የለም?» አለችኝ። እኔ ሞኟ አላሰብኩትም፣ እሷ ፊልም አይታ የማታውቀው አሰበችው። መሬቱን የሚያውቀው አሁን ፊልሙ ብቻ ነው። እኔም አላውቀውም።

ስለዚህ ቁረጪው። ያልሽኝ ልክ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩሽ። ዛፉ ያለበትን፣ ክንድ ያህልም ቢሆን፣ ቁረጪና በዳቦ ውስጥም አድርገሽ ቢሆን ለኢታና ስጪው፣ እኔ እደብቀዋለሁ፣ እማዬ የት እንደምንደብቀው አውቃለች። ሌላውን ለኮሚቴው አሳዪ፣ ባዶ ጀርባዬን ስጎብጥ ይዩኝና ይሳቁ። መቁረጥ የማይሆን ከሆነ ደግሞ ሙሉውን አምጪው። ልክ ነው እፈራለሁ። ግን ሌሊቱን እንዲህ ብዬ አሰብኩ፣ ለይኩን አይቶት «ይሄ ለቅሶ ነው» ካለ ሟቹ ማነው ብዬ እጠይቀዋለሁ። በሰው ሁሉ ፊት። አካሉ ሱዳን ነው ያለው እሱ አይደል?

እማዬ ሁሉን ነገር እያወቀች እስከ አሁን አላለቀሰችም። ነጠላዋንም አላዘቀዘቀችም። «ያለበትን ሳላይ ሁለት ነን አልልም» ትላለች።

ኢታና ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እጅሽ ይገባል ብሎኛል። እኔ ልደውልልሽ አልችልም፣ የወርቅአየሁ ስልክ መደወያው ላይ ቁልፍ አለበት፣ የሚገባ ብቻ ነው የምታስቀበለን፣ ቴሌ ሄጄ እንዳልደውል ደግሞ ስሜንና የምደውልበትን ይጽፋሉ። ቁጥሩ አለሽ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምረን ሱቋ ውስጥ ነን፣ እማዬ ከአሁኑ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ጋ ቆማለች፣ የጤፉ ኬሻ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ወርቅአየሁ ብትቀልድባትም አትነሳም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ያንቺም እሳት ያን ጊዜ ነው የሚነደው።

«አለ» ብቻ በይኝ፣ ሌላ ነገር በስልክ አትናገሪ። ዛሬ አስቀድመሽ አቃጥለሽውም ከሆነ ደውይልኝ፣ እማዬ ከእኔ አፍ ሳይሆን ካንቺ ትስማው፣ እኔ ከእንግዲህ አልደብቃትም። ብቻ ሳይመሽ። እትዬ ሣራ፣ በምታምኚው ሁሉ፣ ሳይመሽ ደውይልኝ።